ቀይ ቀበሮ ለማየት ጭላዳ ፈልጉ

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከቀይ ቀበሮዋ ያየሁት ጭራዋን ብቻ ነው። ጥፋቱ የኔው ነው። ቢጫ ጃኬት ለብሼ፣ ስልኬን ደግኜ ከኋላዋ ሮጥኩ። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አብረውኝ የነበሩት ስካውት (የቦታው ጠባቂ) ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "እህቴ፣ እሷን ተያት። ጭላዳው ጋ ሄደሽ ቁጭ በይ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭላዳ፣ ሣር በሉ ዝንጀሮ፣ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አትጠጓቸው፤ እነሱ ራሳቸው እየጋጡ ይመጣሉ። ጭላዳ ሲበላ አይነሳም። በቂጡ ፈቀቅ እያለ በሁለት እጁ ሣሩን ይነጫል። ዝም ካላችሁ "ጭር ጭር" የሚለው ድምፁ ይሰማችኋል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ ግን ፈቀቅ በሉ።

ቀበሮዋ የምትመጣው አይጥ ፍለጋ ነው። ቀበሮዎች በቡድን ቢኖሩም የሚያድኑት ለየብቻ ነው፣ ያውም በቀን። ጭላዳዎቹ መሀል ስታድን ደግሞ ይበልጥ ይቀናታል። አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ቆይታ ድንገት ቀጥ ካለች፣ ጆሮዋን ተመልከቱ። ጆሮዋ ወደ መሬት ካዘነበለ ልትዘል ነው። ያኔ ማስነጠስ እንኳ ክልክል!

ልብስ? ቡናማ ወይም አመድማ ይሁን። ጋቢ ያዙ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ባይኖኩላር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ችግር የለም። ቆሎ ለራሳችሁ ብቻ፤ ለጭላዳ አትወርውሩ። ውሻ ፈጽሞ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ቀበሮዎቹን ከሚፈጁት አንዱ ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በአገሪቱ የቀሩት ደግሞ ከ500 አይበልጡም።

ሣሩን ረግጣችሁ አቋራጭ አትፍጠሩ፣ በመንገዱ ሂዱ። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን ይህን ሣር ቀሮ በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ከከብትና ከማጭድ ጠብቆ ያቆየው ለቤት ክዳን ነው። ቀበሮዋ የምታድነው አይጥም የሚኖረው እዚያው ሣሩ ሥር ነው።

ከአዲስ አበባ ስትነሱ መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደህንነት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ተኩል። ልጇን ያዘለች ጭላዳ አጠገቤ ሣሯን ትነጫለች። ቀበሮዋ በሁለት ሜትር ርቀት አጠገቧ አለፈች፤ እናትየው ቀና እንኳ አላለችም። ፎቶ እንዳላሳያችሁ ስልኬ በብርዱ ጠፍቶ ነበር። እናንተ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አሙቃችሁ ያዙት።