ሰው የሚረዱ ሠራተኞችን መርዳት፦ በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የአእምሮ ጤና ድጋፍ እንዴት እንደሚዘረጋ

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ተፈናቃዮችን የሚመዘግቡ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ቤት ለቤት የሚከታተሉ፣ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች የሚቀበሉ፣ በዳባት ዓለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ካሉ ሰዎች ጋር የሚሠሩ ማኅበራዊ ሠራተኞች አሉ። የሚሰሙትን ለባል ወይም ለሚስት እንኳ ማውራት አይችሉም፤ የተገልጋይ ምስጢር ነው። ብዙዎቹ ከሚረዷቸው ሰዎች ጋር በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ፣ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ። ራሳቸው ተፈናቅለው የመጡም አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የቢሮ በር ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።

ይህ ጽሑፍ ከ5 እስከ 15 ሠራተኛ ያለውን ቡድን ለሚመራ ሰው ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሥራውን መጠንና አደረጃጀት ለመንካት መድፈርን ነው። ሆቴል ተከራይቶ የአንድ ቀን «የጭንቀት አያያዝ» ሥልጠና ሰጥቶ፣ ሰኞ ያንኑ የኬዝ (የተገልጋይ ጉዳይ) ክምር መልሶ ማሸከም ማንንም አያሳርፍም።

1. ምልክቶቹን ለይታችሁ እወቁ

ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የሥራ ዝለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል እንጂ በሽታ አይለውም። ሦስት መገለጫ አለው፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም በሥራው ላይ ክፉ መናገር፣ እና «የምሠራው ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት። ሁለተኛው ከተገልጋይ የሚጋባ ጉዳት ነው። ሠራተኛዋ ራሷ ያላየችው ነገር በሕልሟ ይመጣል፣ አንዱን ሰፈር ወይም አንድ ዓይነት ኬዝ መሸሽ ትጀምራለች፣ ድንገተኛ ድምፅ ያስበረግጋታል። ሦስተኛው ድብርት ነው። ሐዘን ወይም ደስታ ማጣት ቀኑን አብዛኛውን ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይና እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሥራን ሲያበላሽ ሕክምና ያስፈልጋል።

«ተጨንቄአለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። የምትሰሙት «ራሴን ያመኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሥቷል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለውን ነው። ሥራው ላይ ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦ ሪፖርት በሰዓቱ የምታስገባ ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ተከታትላ ስታዘገይ፣ የቤት ጉብኝት በስልክ ሲተካ፣ ስለ ተገልጋዮች «እነዚህ ሰዎች» እየተባለ ሲወራ፣ ማታ ማታ መጠጥ ወይም ጫት ሲጨምር። አንዱ ምልክት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከሰውየው የቀድሞ ጠባይ ጋር አስተያዩት።

2. የሥራውን ጫና ቁጠሩ

ከሁሉም በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው፤ አብዛኛው ቢሮ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ለሕፃናት ጥበቃ ሥራ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአንድ ሠራተኛ ከ25 ሕፃናት በላይ እንዳይሰጥ፣ አንድ ሱፐርቫይዘርም ከ5 ወይም 6 በላይ ሠራተኛ እንዳይዝ ይመክራል። ይህን እንደ ጣሪያ ያዙት።

ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። እያንዳንዱን ኬዝ መዝኑ፦ በወር አንዴ ስልክ የሚበቃው 1 ነጥብ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ጉብኝት የሚፈልገው 2፣ በየሳምንቱ ወይም ከዚያ በላይ ክትትል የሚፈልግ ወይም የሕይወት አደጋ ያለበት 3። አንዷ ሠራተኛ 25 ኬዝ አላት እንበል፤ 10 ከባድ፣ 10 መካከለኛ፣ 5 ቀላል። ነጥቧ 55 ይሆናል። ጓደኛዋም 25 አለው፤ 2 ከባድ፣ 5 መካከለኛ፣ 18 ቀላል። የሱ 34 ነው። በሪፖርቱ ላይ እኩል ናቸው፤ በኑሮ ግን አይገናኙም። ከአዘዞ ወይም ከከተማ ውጭ ወዳለ ቀበሌ ለመሄድ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ከሆነ ለዚያ ኬዝ 1 ነጥብ ጨምሩ።

ከዚያ ከባዶቹን አካፍሉ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የታወቀ ነው፦ አንዲት ሠራተኛ የተደፈሩ ልጆችን በደንብ ስለምትይዝ እንዲህ ያለው ኬዝ ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። ጎበዝነቷ ቅጣት ሆነባት ማለት ነው። ለአንድ ሰው ከባድ ኬዝ ከሦስት ተከታታይ ሳምንት በላይ ሳይቋረጥ አትስጡ፤ ሌላውን ከጎኗ እያስቀመጣችሁ አሠልጥኑ።

ያለቀ ኬዝም ይዘጋ። ብዙ ቢሮ የከፈተውን አይዘጋም፤ ለለጋሽ የሚላከው ቁጥር እንዳይቀንስ ይፈራል። በመጀመሪያው ወር ፋይሎቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ሦስት ወር ምንም እርምጃ ያልተመዘገበባቸውን ከሠራተኛው ጋር ተወያዩባቸው። የሚዘጋው ይዘጋል፣ የተረሳውም ይገኛል።

3. ቋሚ የድጋፍ ሰዓት አስቀምጡ

በየሁለት ሳምንቱ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ቀኑና ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን፤ «ሲመቸን» የተባለ ሰዓት አይመጣም። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለከባድ ኬዞች፣ ቀጣዩ 20 ለሠራተኛው ለራሱ፣ የቀረው ለሚወሰዱ እርምጃዎች። መንገድ ተዘግቶ ፊልድ ያደረ ሰው ካለ በስልክ 15 ደቂቃ ይሁን፤ ኔትወርክ ከሌለም በተመለሰ ማግስት።

«ደህና ነሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። የተወሰነ ነገር ጠይቁ፦ «በዚህ ሁለት ሳምንት ቤት ድረስ ተከትሎሽ የገባው የትኛው ኬዝ ነው?» «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነቂያለሽ?» «ከሳምንቱ ሥራ ቢቀር ደስ የሚልሽ የትኛው ነው?» ሠራተኛው በዕድሜ ከሱፐርቫይዘሩ የሚበልጥ ከሆነ በአንቱታ፣ ከጠረጴዛ ማዶ ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀምጦ ማውራት ይሻላል። ታላቅ ሰው በታናሹ ፊት ድካሙን እንዲናገር ክብሩ መጠበቅ አለበት።

ይህ ሰዓት ሪፖርት ለምን ዘገየ የሚባልበት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው አለቃ ራሱ የድጋፍ ሰዓቱን ከያዘ ሠራተኛው አፉን ይዘጋል፤ ትክክልም ነው። ከሌላ ድርጅት ጋር ሱፐርቫይዘር መለዋወጥ ይቻላል፤ የእናንተው የእነሱን ይሰማል፣ የእነሱ የእናንተን። በወር አንዴ የሥነ ልቦና ወይም የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ባለሙያ ከፍሎ መጥራትም ሌላው መንገድ ነው።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰው ያለበት የ90 ደቂቃ የቡድን ስብሰባ አድርጉ። ቡና ቢፈላ ጥሩ ነው፤ ሰው ስኒ ይዞ ሲቀመጥ አንደበቱ ይፈታል። ግን ቡናውን የሚያፈላው ማነው? በአብዛኛው ከቡድኑ ታናሿ ሴት ትሆናለች፤ ሌላው ሲያወራ እሷ ስኒ ታጥባለች፣ እጣን ታጨሳለች፣ ስለ ራሷ ሳትናገር ስብሰባው ያልቃል። በተራ ይፈላ፣ ወንዶቹም ይግቡበት፣ ወይም ከውጭ ለሚያፈላ ሰው ይከፈል። ቡና የሚያፈላው ሰው የቡድኑ አባል ካልሆነ ግን ኬዝ የሚነሣው ከወጣ በኋላ ነው።

ሦስት ደንብ ይበቃል፦ የተገልጋይ ስም አይጠራም። የጥቃቱ ዝርዝር አይተረክም፤ «ከባድ ነበር፣ ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም» ማለት ይበቃል፣ አለዚያ የአንዱ ቅዠት ለስምንት ሰው ይታደላል። ካልተጠየቀ በቀር ማንም ምክር አይሰጥም።

4. ለከባድ ክስተት ቀድማችሁ ተዘጋጁ

የተገልጋይ ሞት፣ መንገድ ላይ መታገት፣ ማስፈራሪያ፣ የተኩስ መሐል መግባት። የሚደረገው ነገር ክስተቱ ሳይመጣ በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፦ ሠራተኛው ከአደጋው ቦታ ይውጣ፣ ውኃና ምግብ ያግኝ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይገናኝ፣ በመኪና ቤቱ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይገልጸዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማውራት ከፈለገ ይሰማል፤ ካልፈለገ አይገፋም።

ሁሉንም ሰብስቦ «የሆነውን በየተራ ተናገሩ፣ ይውጣላችሁ» ማለት ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን አስገዳጅ ቁፋሮ አይመክርም፤ ጉዳትን እንደማይከላከል ታይቷል። የክስተት ሪፖርትም በዚያው ዕለት ከሆነ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ብቻ ይመዝገብ፤ ዝርዝሩ ይቆይ። እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ ጓደኛ ዲያዜፓም የተባለውን የማረጋጊያ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ እንዳያመጣ ንገሩ። በመጀመሪያው ወር ለእንዲህ ያለ ድንጋጤ አይመከርም፤ ሱስም ያመጣል።

ለሁለት ሦስት ቀን ቀላል ሥራ ስጡ፤ ሙሉ በሙሉ ከቢሮ ማራቅ ግን «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ስሜት ሊያሳድር ይችላል፣ ሠራተኛውን ጠይቁ። ተገልጋይ ሞቶ ከሆነ ለቅሶ ለመድረስ ጊዜ ፍቀዱ። ከዚያ በ1ኛው ሳምንት፣ በ2ኛው ሳምንት፣ በወሩ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው በራሱ ያገግማል። ከወር በኋላም ቅዠቱ፣ መሸሹ፣ መበርገጉ ካልቀነሰ ወደ ሕክምና ይሂድ።

5. የሕክምና መንገዱን ጥረጉ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሳይካትሪ አገልግሎት አለው። ችግሩ ማኅበራዊ ሠራተኞች ተገልጋዮቻቸውን የሚልኩት ወደዚያው መሆኑ ነው። ራሳቸው ወረፋ ላይ መታየት ያፍራሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ ከባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ የቀጠሮ ሰዓት አመቻቹ፣ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ መታከም ለሚመርጥ የትራንስፖርት ወጪ ያዙ።

የሕመም ፈቃድ መብት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ግን በታሸገ ፖስታ ለአንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ ብቻ ይሰጥ። በመዝገብ ቤት አልፎ አምስት ፊርማ ከተሰበሰበበት የበሽታው ወሬ በማግስቱ ቢሮውን ሁሉ ያዳርሳል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው ያንን ተመልከቱ።

ጸበል የሚጠመቅን ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አትበሉት። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የሚያስፈራው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጡ ነው። በጾም ወቅት የኪኒን ሰዓት ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለመሞት የማሰብ ምልክት ካያችሁ በግልጽ ጠይቁ፦ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። መልሱ አዎ ከሆነ ለብቻው አትተዉት፣ የተባይ ማጥፊያና የተጠራቀመ መድኃኒት ከአጠገቡ ይነሣ፣ አንድ ሰው አብሮት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ምስጢር መጠበቅ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ይህንንም ለሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

አለቆች የድብርት መጠይቅ እንዳያስሞሉ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የታወቀው መጠይቅ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ራስ ማጥፋት ነው፤ መልሱን አይቶ እርምጃ የሚወስድ ባለሙያ በሌለበት ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

6. ትንንሾቹ ነገሮች

ለቡድኑ አንድ የተረኛ ስልክ ግዙና በየሳምንቱ ተቀባበሉት፤ የግል ቁጥር ለተገልጋይ አይሰጥ። ተረኛ የነበረ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ግማሽ ቀን ይረፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ሳይወሰድ እንዳይከማች በመስከረም መርሐ ግብር አውጡ፣ ጥምቀት ላይ ሁሉም ስለሚጠይቅ በዕጣ ይሁን።

7. ከሦስት ወር በኋላ መርምሩ

አምስት ጥያቄ ያለው፣ ስም የሌለው ወረቀት አዘጋጁ፦ ጫናው ቀንሷል? የድጋፍ ሰዓቱ ስንት ጊዜ ተሰርዟል? ሲከብድህ የምትነግረው ሰው ቢሮ ውስጥ አለ? ፈቃድ ስትጠይቅ ታፍራለህ? አንድ ነገር ቢቀየር የትኛው ይሁን? ቡድኑ ትንሽ ከሆነ የእጅ ጽሑፍ ስለሚታወቅ ምልክት ብቻ የሚደረግበት ይሁን፤ ለአምስተኛው ጥያቄም ምርጫ ዘርዝሩ። ውጤቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሁሉም አንብቡ። የሚቀየረውን ከነቀኑ፣ የማይቀየረውን ከነምክንያቱ ንገሩ። ቀጣዩ የፕሮጀክት በጀት ሲጻፍ ደግሞ የውጭ ሱፐርቫይዘር ክፍያ፣ የተረኛ ስልክ ካርድ፣ የሕክምና ትራንስፖርትና የቡና ወጪ በራሳቸው መስመር ይግቡ፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ የተደበቀ ወጪ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው።