ቺፕ ኢሬዝ ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን አንብቧት

ባክአፕ (ቺፑ ላይ ያለውን ፋይል ቅጂ) ሳትይዙ ኢሬዝ (ማጥፊያውን) አትጫኑ! ስንቴ እንደተናገርኩት እንጃ፣ አሁንም ግን ሰው የላፕቶፕ ባዮስ ቺፕ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ያለበትን) ነቅሎ ፕሮግራመር (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ) ላይ እንዳስቀመጠ ቀጥታ ያጠፋዋል፣ ለምን ሲባል "ፋይሉን ከኢንተርኔት አወርዳለሁ" ይላል። ከኢንተርኔት የምታወርዱት እኮ የሌላ ማሽን ፋይል ነው! እናንተ ያጠፋችሁት ቺፕ ላይ የዚያ ላፕቶፕ ሲሪያል ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ቁልፉ፣ አንዳንዴም የኔትወርክ ማክ አድራሻው ነበረበት፣ እሱን ከየት ታመጡታላችሁ? ባዮሱ ተበላሽቷል ብላችሁ ብታስቡም አንብቡት፣ ከተበላሸ ፋይል ውስጥም ሲሪያሉ ሊገኝ ይችላል። ደግሞ አንዴ ማንበብ አይበቃም፣ ክሊፑን (ቺፑን ሳትነቅሉ ከፕሮግራመሩ ጋር የሚያገናኘውን መቆንጠጫ) አንስታችሁ መልሳችሁ ግጠሙና እንደገና አንብቡ፣ ሁለቱን ፋይሎች አወዳድሩ፣ በአንድ ባይት እንኳን ከተለያዩ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነው። አንድ ልጅ ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ (የባዶ ባይት ዋጋ) ብቻ የሆነ ፋይል ባክአፕ ብሎ ይዞ ቺፑን አጥፍቶ መጣ፣ ምን ላድርግለት? በጣም ነው ያዘንኩለት፣ ፋይሉን ከፍቶ ቢያየው ኖሮ ምንም እንዳልተነበበ ወዲያው ይገባው ነበር።

ክሊፕ ከመግጠማችሁ በፊት ቻርጀሩንም ባትሪውንም ንቀሉ።

ቮልቴጁን ከዳታሺት (ከቺፑ አምራች መረጃ ሰነድ) ሳታዩ አትጀምሩ። ዊንቦንድ 25ኪው64 ኤፍቪ የሚባለው ቺፕ በ3.3 ቮልት ይሰራል፣ ኤፍደብሊው የሚለው ግን 1.8 ነው፣ በመልክ አይለዩም፣ ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ፊደል ናት። ርካሹ ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ደግሞ ዳታ ፒኖቹ ላይ 5 ቮልት የሚያወጣ ስሪት አለው፣ የናንተን በመልቲሜትር ለኩት። የድሮዎቹ ኢፒሮም ቺፖችም ያው ናቸው፣ 2716 ለመጻፍ 25 ቮልት ይፈልጋል፣ 27ሲ256 ላይ ያንን ከላካችሁ አቃጠላችሁት።

መስኮት ያለው ኢፒሮም የሚጠፋው በ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ነው፣ 20 ደቂቃ አካባቢ። የጥፍር ማድረቂያ ላምፕ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ብታበሩት አያጠፋውም። መስኮቱን መጀመሪያ በአልኮል ጥረጉት፣ የስቲከር ሙጫ ብርሃኑን ይከለክላል፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ብርሃን የማያሳልፍ ነገር ለጥፉበት፣ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከተተወ በሳምንት ገደማ ሊጠፋ ይችላል። መብራቱን በዓይናችሁ እንዳታዩት።

አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሿ ቦርድ) የምትሰሩ ልጆች፣ ኢኢፒሮም (መብራት ቢጠፋም ዳታ የሚይዘው ሜሞሪ) መጻፊያውን ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሮጥ ኮድ) ውስጥ አትተዉት። ዳታሺቱ ቃል የሚገባላችሁ 100,000 ጊዜ ነው፣ በየሰከንዱ አንድ አድራሻ ላይ ከጻፋችሁ በ28 ሰዓት ውስጥ አለቀ። "ራይት" ከምትሉ "አፕዴት" በሉት፣ ዋጋው ካልተለወጠ አይጽፍም።