አፉ አልገጥም ያለ ጥይት? መጀመሪያ ሆዱን እዩ

ጋራዤ ውስጥ የሾትጋን (ብዙ የእርሳስ ፍሬ በአንዴ የሚተፋው ጠመንጃ) ቀለህ መልሼ መሙላት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ያለሁት ኮሎራዶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትራፕ (ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ዒላማ) የምንተኩስ አበሾች ብንቆጠር አንድ ጠረጴዛ አንሞላም። ከመካከላችን አንዱ የመሙያ ማሽን በገዛ ቁጥር ግን የሚደወለው ለእኔ ነው። ጥያቄውም ሁሌ ያው ነው፦ "ወንድሜ፣ አፉ አልገጥም አለኝ።"

አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የአሞላል መጽሐፉ ፊታችሁ ተገልጧል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ነው፣ ሲጋራ ደጅ ቀርቷል ብዬ ነው የምጽፈው። ሚዛን የሌለው ሰው እዚህ ላይ አቁሞ ሚዛን ይግዛ። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ፣ ይሄ የአሜሪካ ወሬ ነው። እዚያ የጦር መሣሪያ አዋጅ አለ፤ እንዳትሞክሩት።

ምልክት፦ አፉ በደንብ አይታጠፍም

የ12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜሉ ስፋት መለኪያ ነው) የፕላስቲክ ቀለህ አፉ ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ታጥፎ ነው የሚዘጋው። ጥሩ ሲሆን እጥፋቶቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከጠርዙ 1.4 ሚሊሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል። ሲበላሽ አንድም መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፣ አንድም እንደ ሰሐን ይሰረጉዳል፣ አንድም ተዘግቶ መልሶ ይከፈትና ከሥሩ ያለው ገላ ይጨማደዳል። ቁጥር 8 የሚባለው የእርሳስ ፍሬ ውፍረቱ 2.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀዳዳው እሱን ካሳለፈ እርሳሱን የምታገኙት ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው መፍቻ አንስቶ የማጠፊያውን ብሎን ማዞር ነው። እባካችሁ መፍቻውን አስቀምጡት። ማሽኑ ትናንት በደንብ ሲያጥፍ ከነበረ ዛሬም ያጥፋል። የተለወጠው ሆዱ ውስጥ የገባው ነገር ነው። ባሩዱ፣ ዋዱና እርሳሱ ተደራርበው አንድ ቁመት ይይዛሉ። (ዋድ ማለት ባሩዱን ከእርሳሱ የሚለየው፣ እርሳሱንም የሚያቅፈው የፕላስቲክ ስኒ ነው።) ቁመቱ ከበዛ አፉ አይገጥምም፤ በግድ ስትጫኑት ገላው ይጨማደዳል። ካነሰ ደግሞ አፉ የሚያርፍበት ያጣና ይሰምጣል።

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጄ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ልመልሰው ነው።" ሄድኩ። ሁለት መቶ ጥይት ሞልቷል። ግማሹ ሰሐን፣ ግማሹ ደህና፣ እሱም እንደ ንፍሮ የተደባለቀ። ብሎኑን ሲያጠብቅና ሲያላላ ነው ያመሸው። ሁለት ባዶ ቀለህ አነሳሁና በስልኬ መብራት ውስጣቸውን አየሁ። የአንዱ ግድግዳ ወደ ታች እየወፈረ ሄዶ እንደ ስኒ ክብ ብሎ ያልቃል። የሌላው ቀጥ ብሎ ይወርድና ታች ቀለበት የመሰለ እርከን አለው። ከውጭ ሁለቱም ቀይ ናቸው! ክለቡ ውስጥ ሰው የጣለውን እየለቀመ አንድ ከረጢት ውስጥ ከቷቸዋል። በልጅነታችን ቀለህ ለቅመን እናፏጭበት ነበር፤ ያኔ ዓይነቱ ግድ አልነበረንም። አሁን ግን ግድ ነው።

ሬሚንግተን ኤስቲኤስ የሚባለው ቀለህ ግድግዳው እየወፈረ ከሚሄደው ወገን ነው። የቼዲት ቀለሆች ቀጥ ካለው ወገን ናቸው። ቀጥ ያለው ሆዱ ሰፊ ነው። ለጠባቡ የተሠራ ዋድ ስትከቱበት ዝቅ ብሎ ይቀመጥና አፉ ይሰምጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዋዱ ግድግዳውን አጥብቆ ስለማይነካ ባሩድ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱ መሃል መግባቱ ነው። የወዳጄን አንዱን ጥይት ቆርጠን ነጭ ወረቀት ላይ ስንደፋው እርሳሱ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በተገላቢጦሽ የሰፊውን ዋድ ጠባቡ ውስጥ ብትከቱት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የባሩዱም ግፊት ይለወጣል። መጽሐፉ ለዚያ ቀለህ ያልጻፈውን ዋድ አትክተቱ።

መፍትሄው አንድ እርሳስ ነው፤ የሚጻፍበቱ ማለቴ ነው። ባዶው ቀለህ ውስጥ አስገቡት፣ ከአፉ ጋር እኩል የሆነበት ቦታ ላይ በጥፍራችሁ ያዙና ምልክት አድርጉ። ቀጣዩን ቀለህ በዚያው እርሳስ ለኩ። ምልክቱ ከፍና ዝቅ ካለ ለዩት። በቀለም አትለዩ። በመብራት ማየቱንም ሳትተዉ።

ከዚያ አምስት ብቻ ሙሉ። ሁለት መቶ አይደለም፣ አምስት! አንዱን ቆርጣችሁ እርሳሱን መዝኑ። መጽሐፉ 1⅛ አውንስ ካለ 32 ግራም መምጣት አለበት። 27 ግራም ከመጣ ጥፋቱ የዋዱ አይደለም፤ እርሳሱ በሚወርድበት የማሽኑ ቱቦ ውስጥ ተደጋግፎ ቀርቷል ማለት ነው። ቱቦውን መታ መታ አድርጉት፣ ውስጡንም ጥረጉት። አንድ ሌላ ማረጋገጫም አለ። 25 ፓውንድ የእርሳስ ከረጢት በ1⅛ አውንስ 355 ጥይት ይሞላል። አንድ ከረጢት ጨርሳችሁ 400 ጥይት ከቆጠራችሁ በረከት አይደለም፤ እያንዳንዱ አንድ አውንስ ብቻ ነው የያዘው።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ካልገጠመ፣ ከመጨረሻው ማጠፊያ በፊት ያለውን ማስጀመሪያ፣ ማለትም እጥፋቶቹን የሚጀምረውን የማሽኑን ክፍል፣ እዩ። ፕላስቲክ የድሮ እጥፋቱን አይረሳም። ስምንት ቦታ የታጠፈን ቀለህ በስድስት ማስጀመሪያ ከጀመራችሁት እንደ አዙሪት ይጠማዘዛል። ብሎን መንካት የሚፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው። እሱንም ሩብ ዙር እያደረጋችሁ፣ በየሩቡ አንድ ጥይት እየሞከራችሁ።

ስለ ርካሽ ዋድ ሳልናገር አላልፍም። አንዱ ወንድማችን ቅናሽ አገኘሁ ብሎ 500 ሮዝ ዋድ ገዛ። ነጩ ለ1⅛ አውንስ ነበር፣ ሮዙ ለ1። "ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው" አለኝ። አይደለም! ሌላ ጊዜ ደግሞ እኔው ራሴ ስሙን የማላውቀው ዋድ ገዝቼ የታችኛው ከንፈሩ ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ ስስ ሆኖ አገኘሁት። ከረጢቱን እንዳለ ጣልኩት። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ክትፎ አይበልጥም።

ምልክት፦ "ፑፍ" ብሎ ይወጣል

ይሄ እንደ አፉ ችግር ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። አንዴ በቂ ነው።

ድምፁ ደከም ካለ፣ ምቱ ትከሻችሁን ካልነካው፣ አቁሙ። ቀጣዩን አትተኩሱ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው አቅጣጫ እንደያዛችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ጠመንጃውን ክፈቱ፣ ጥይቱን በሙሉ አውጡ፣ በርሜሉን ከኋላ በኩል ተመልከቱ። ብርሃን ካልታየ ዋዱ ውስጥ ቀርቷል። በላዩ ላይ ሌላ ከተኮሳችሁ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። የግራ እጃችሁ የት እንዳለ አስቡ።

አንድ ብርዳማ ጠዋት አጠገቤ የቆመው ሰው "ፑፍ" አለበትና እየሳቀ ሁለተኛውን ሊከት ሲል "ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። በርሜሉን ሲያየው ጨለማ ነው። በእንጨት ዘንግ ገፍተን አንድ ነጭ ዋድ አወጣን፤ ባሩድ ነክቶት አያውቅም። ለካ ማታ ኳስ እያየ ነው የሞላው። ጎል ሲገባ ተነስቶ ተመልሶ ሲቀመጥ የባሩዱን መግፊያ ሳይገፋ አልፏል። ፕራይመሩ (ቀለሁ ሥር ያለው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ብቻውን ዋዱን በርሜሉ ውስጥ ወትፎ ይተወዋል። ስትሞሉ ቴሌቪዥን ይጥፋ። ስልኩም ይጥፋ። ከመሃል ከተነሳችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን ጥይት ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ከመዘጋቱ በፊትም ውስጡን እዩ።

ባሩዱ ኖሮም ሊደክም ይችላል። አፉ የላላ ከሆነ በደንብ አይነድም። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የቡሺንግ (የባሩዱን መጠን የሚወስነው ባለቀዳዳ ቁራጭ) ቁጥርም ብዙ ጊዜ ከሰንጠረዡ አሳንሶ ይጥላል። አሥር ጊዜ አስጥላችሁ እያንዳንዱን መዝኑ። እጀታውን አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በጥድፊያ የሚጎትት ሰው ክብደቱ ቢለዋወጥ አይደነቅ።

ቀሪው አጭር ነው። ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ አልገባ ካለ የብረት ወገቡ አልጠበበም፤ ማጥበቢያውን አስተካክሉ። ፕራይመሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያንን ጥይት አትተኩሱት። በመዶሻ መታ ለማድረግ ያሰበ ካለ፣ እግዜር ይጠብቀው። ፕራይመሩ በጣት ተገፍቶ የሚገባ ከሆነ ቀለሁ አብቅቷል፤ ጣሉት። አፉ የተሰነጠቀውንም እንዲሁ። 209 የሚባሉት ፕራይመሮች ልካቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ አይደሉም፤ ሲለወጡ ግፊቱ በሺዎች ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሊለያይ ይችላል።

እርሳስ ነክታችሁ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ባለቤቴ የጋራዥ ልብሴን ከልጆቹ ልብስ ጋር እንዳላጥብ ከልክላኛለች። ልክ ናት።