«ታርጋውን እየው!»፦ ዲሲ አካባቢ መኪና መንዳት ለምትጀምሩ

አሜሪካ በገባሁ በአራተኛው ቀን ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ መጥቶ ገበያ ይዞኝ ወጣ። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ አንድ መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ፊታችን ዘው አለ። ወንድሜ ፍሬኑን ረግጦ «ታርጋውን እየው! ሜሪላንድ! አላልኩህም?» አለኝ። ምንም አላለኝም ነበር።

በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ ሊፍት ሰጡኝ። የፊተኛው መኪና መብራቱ አረንጓዴ ሆኖለት ተገትሮ ቀረ። ጋሼ መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ቨርጂኒያ ነዋ! ሲፈጥረውም ፈሪ ነው» አሉ።

ሁለቱም የኛው ሰዎች ናቸው። ሁለቱም መንዳት የተማሩት አገር ቤት ነው። ሰፈር ሲይዙ ግን የሰፈሩን ሐሜት አብረው ያዙ። እናንተም ሦስት ወር አይሞላችሁም፣ ትጀምሩታላችሁ። ስለዚህ ሐሜቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ከሥሩ ገንዘብና ፍርድ ቤት የሚያስከትል ነገር አለበት።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ላይ «ዲኤምቪ» ይባላሉ። ግራ እንዳይገባችሁ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ስሙ ዲኤምቪ ነው። ሜሪላንድ ኤምቪኤ ይባላል። ከተማውን የሚዞረው 495፣ ማለትም ቤልትዌይ፣ 64 ማይል ነው። ውድሮው ዊልሰን ድልድይን ስትሻገሩ ከሜሪላንድ ተነስታችሁ፣ የዲሲን ጫፍ ነክታችሁ፣ ቨርጂኒያ ትገባላችሁ። በደቂቃ ውስጥ ሦስት ሕግ ማለት ነው።

ክሱ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያዎች «ሜሪላንድ ግራ ሌይን ላይ ተኝቶ ይነዳል፣ ሲሻው ደግሞ ቂጥህ ላይ ይለጠፋል» ይላሉ። ሜሪላንዶች «ቨርጂኒያ ጥላውን አይቶ ፍሬን ይይዛል» ይላሉ። ሁለቱም ተስማምተው «ዲሲ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መሀል መንገድ ይቆማል» ይላሉ። ዲሲ ደግሞ «ከውጭ መጥታችሁ ቀይ መብራታችንን የምትጥሱት እናንተ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ስለ ሚኒባስና ስለ አይሱዙ የምንለውን አስታውሱ። አይሱዙን «አልቃይዳ» ያልን ሰዎች እዚህ መጥተን ሐሜት አንጠየፍም።

የቨርጂኒያው «ፍርሃት» ግን ምክንያት አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው በ20 ማይል ከበለጣችሁ፣ ወይም የትኛውም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ ከነዳችሁ፣ ነገሩ ተራ ቅጣት አይደለም፤ ወንጀል ነው። «ሬክለስ ድራይቪንግ» ይሉታል። እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። 20 ማይል ብዙ ይመስላል። 25 በተጻፈበት የሰፈር መንገድ በ45 መንዳት ማለት ነው። በኛ ኪሎ ሜትር 72 ገደማ። ቀለበት መንገድ ለለመደ እግር እኮ ይሄ ምንም አይደለም! ወረቀታችሁ ገና ያላለቀ ሰዎች በተለይ ልብ በሉ። የዜግነት ማመልከቻ ላይ ስለ እስርና ክስ ይጠይቋችኋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሳችሁ በኦንላይን ከፍዬ ልገላገል አትበሉ፤ ጠበቃ አናግሩ። የፍጥነት ራዳር ማሽተቻ መሣሪያም ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ክልክል ነው። መሣሪያውን ከሜሪላንድ ጓደኛ በስጦታ ብታገኙት እንኳ ድልድዩን አታሻግሩት።

ዲሲ ሌላ ነው። እዚያ የሚቀጣችሁ ካሜራ ነው። የሰፈር መንገድ ፍጥነት በአብዛኛው 20 ማይል ነው። በ11 ማይል ካለፋችሁት የ100 ዶላር ቅጣት በደብዳቤ እቤታችሁ ይመጣል። በጊዜው ካልከፈላችሁ እጥፍ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎኝ ከፒዛ ኩፖን ጋር ጥዬዋለሁ። 200 ከፈልኩ። ሜሪላንድም ካሜራ አለው፤ በ12 ማይል ሲያልፉ ያነሳል፣ መነሻው ግን 40 ዶላር ነው።

የዲሲ ሰው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታርጋ የሚበግነው በዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ ግዛቶች የዲሲን የካሜራ ቅጣት አያስከፍሉለትም ነበር። ዲሲ ውስጥ የሚኖረው ሲከፍል፣ የጎረቤት ግዛቱ ሹፌር ደብዳቤውን ቀዶ ይጥላል። ያልተከፈለው ዕዳ አብዛኛው የነሱ ነው። ዘመዶቻችሁ «የዲሲን አትክፈል፣ ምን ያመጣል» ይሏችኋል። አሮጌ ምክር ነው። ዲሲ በ2024 ባወጣው ሕግ የሌላ ግዛት ሹፌሮችን ፍርድ ቤት ማቆም ጀምሯል። ከዚያ በፊትም ቢሆን መኪናችሁ ዲሲ ቆሞ ከተገኘ ጎማው ላይ ብረት ያስሩበታል።

ማን ይሻላል ለሚለው፣ ኦልስቴት የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ለዓመታት የ200 ትልልቅ ከተሞችን ደረጃ ሲያወጣ ዋሽንግተንና ባልቲሞር ከጭራው አይጠፉም ነበር። የሚቆጥረው ግን ሰው ስንት ጊዜ ተጋጭቶ ካሳ እንደጠየቀ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ብዙ መኪና፣ ብዙ አደባባይ፣ ብዙ እንግዳ ሹፌር ያለበት ከተማ መጋጨቱ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ታርጋው። ታርጋ ሹፌሩ የት እንደሚኖር አይናገርም። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የቨርጂኒያ ታርጋ የሚለጥፍ ብዙ አለ። ቨርጂኒያ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ 500 ዶላር ከፍለህ ያለ ኢንሹራንስ እንድትነዳ ትፈቅድ ነበር። ኢንሹራንሱም ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ያ ቨርጂኒያ» ብላችሁ የሰደባችሁት ሰው የሜሪላንድ ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል።

ይሄን የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። አዲስ መኪና ስትገዙ አንድ ደግ ሰው «ታርጋውን በኔ አድራሻ አውጣው፣ ኢንሹራንሱ ይረክስልሃል» ይላችኋል። አታድርጉት። መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ለኢንሹራንስ መዋሸት ነው። እስክትጋጩ ድረስ ማንም አይጠይቅም። የተጋጫችሁ ቀን ኩባንያው ይመረምርና አልከፍልም ሊል ይችላል። የማውቀው አንድ ልጅ በወር 60 ዶላር አተርፋለሁ ብሎ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ አጥቷል። ያ ደግ ሰው ደግሞ ስልክ አላነሳለትም።

ስለ ግጭት ካነሳን፣ ሦስቱም ዘንድ ያለ አንድ ጭካኔ አለ። በአብዛኛው አሜሪካ ጥፋቱ የጋራ ከሆነ ካሳው በድርሻ ይቀነሳል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን የድሮውን ሕግ ይዘው ቀርተዋል፦ በመቶ አንድ እንኳ ጥፋት ከተገኘባችሁ ከሌላው ሹፌር ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ዲሲ እግረኛና ብስክሌተኛን በ2016 ከዚህ አውጥቷቸዋል። ሹፌር ግን እዚያው ነው። እኛ ደግሞ ሰው ገጭቶንም «ይቅርታ» የምንል ሕዝብ ነን። ከመኪና ወርደን፣ አንገት ሰበር አድርገን፣ «ሶሪ፣ ሶሪ» እንላለን። ለኛ ሰላምታ ነው። ለነሱ ኢንሹራንስ ግን ጥፋትን ማመን ሊመስል ይችላል። «ደህና ነህ? ተጎድተሃል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ ፖሊስ መጥራት፣ ፎቶ ማንሳት፣ የሁለቱንም ታርጋ ጭምር። ታርጋ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ሦስቱም ጋ ክልክል ነው፤ ከአገር ቤት እናት ብትደውልም ቆማችሁ አንሱ። ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ቀይ ሲያበራ ቁሙ። 66 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከቤልትዌይ ወደ ዲሲ ባለው፣ በጥድፊያ ሰዓት የመንገድ ክፍያው እንደ ጭንቅንቁ ይወጣል፤ 40 ዶላር የደረሰበት ጊዜ አለ። መግቢያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታዩ አትግቡ። ሦስት ሰው ከሆናችሁ ነፃ ነው፤ ግን ኢዚፓስ የሚሉት፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈው የመንገድ መክፈያ መሣሪያ፣ ፍሌክስ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ቤት ገዛ። ባንዲራ ያለበትን ታርጋ ለጠፈ። ባለፈው እሁድ አብረን ወደ ቨርጂኒያ ስንሄድ 395 ላይ ኤግዚቱ ሊያልፈው ሆነና ሁለት ሌይን በአንዴ ቆረጠ። ፍሬቻ የለ፣ ምን የለ። ከኋላችን ያለው ሰው ክላክሱን እስኪበቃው ነፋው። ወንድሜ በመስታወት አየውና «ምን ሆኗል ይሄ ቨርጂኒያ?» አለ።