ጠርዙ አልለጠጥ ሲል፦ ለኪሮሽ ጀማሪዎች የመነሻ ረድፍ ችግርና መፍትሔ

ኮፍያው ተሠርቶ አልቋል። ቀለሙ ያምራል፣ ጥልፉም እኩል ነው፤ ከግንባር በታች ግን አልወርድ ይላል። በግድ ቢወርድም ግንባር ላይ ቀይ መስመር ያትማል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ «እጄ ይጠብቃል» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የእጅ መጥበቅ ድርሻ አለው፤ ዋናው ጥፋት ግን የሰንሰለቱ ነው።

ሰንሰለት ሥራው የሚጀመርበት፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ አልፎ የሚሠራ ቀጭን መስመር ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ሲሠራበት በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ክር ይሞላና የነበረው ትርፍ ቦታ ያልቃል። ከላይ ያሉት ረድፎች ወደ ጎን የመሳብ ነፃነት አላቸው፤ ሰንሰለቱ ግን የሚሰጠውን ሰጥቶ ጨርሷል። ስለዚህ ችግሩ ከላይ ይታያል እንጂ ምክንያቱ ከታች ነው። ከዚህ በኋላ የሚዘረዘሩት ችግሮችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው።

ለሶፋ ወይም ለቴሌቪዥን መሸፈኛ ዳንቴል የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ላያውቀው ይችላል። ክቡ ዳንቴል ከመሃል ተጀምሮ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል እንጂ ማንም ጭንቅላቱን አያስገባበትም። ጣጣው የሚመጣው ወደ ኮፍያ፣ ወደ ካልሲ፣ ወደ ሹራብ አንገትና እጅጌ ሲታለፍ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። ቀላሉ ሰንሰለቱን ብቻ በወፍራም ኪሮሽ (መሥሪያው መንጠቆ) መሥራት ነው፤ ሥራው በ5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰንሰለቱን በ5.5 ወይም በ6 ይጀምሩና ከዚያ ወደ 5 ይመለሱ። ለሻርፕና ለብርድ ልብስ ይህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። ለሚለበስ ጠርዝ ግን ሰንሰለቱንና የመጀመሪያውን ረድፍ በአንድ ላይ እያሳደገ የሚሄደውን የመነሻ ጥልፍ መማር ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰንሰለት ይሥሩ። ኪሮሹን መጀመሪያ ወደሠሩት ሰንሰለት ያስገቡና ክር ስበው ያውጡ፤ አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። ክር ጠምጥመው ለጫፉ በሚቀርበው በአንዱ ቀለበት ብቻ ያሳልፉ። ይህች አንዲት ሰንሰለት የጥልፉ እግር ናት። ኪሮሹ ላይ ያለው አሁንም ሁለት ቀለበት ነው፤ እንደገና ክር ጠምጥመው በሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሳልፉ። አንድ ጥልፍ ከነመነሻው ተሠራ። ለቀጣዩ ጥልፍ ኪሮሹ የሚገባው ወደ ላይኛው ጠርዝ ሳይሆን ወደዚያችው እግር ነው። ክር ይሳቡ፣ በአንዱ አሳልፈው አዲስ እግር ይሥሩ፣ ከዚያም በሁለቱ ያሳልፉ። እስከ መጨረሻው ይኸው ነው።

ለልምምድ ነጣ ያለ ቀለም፣ ለስላሳና መካከለኛ ውፍረት ያለው የአክሪሊክ ክር ከ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ጋር ይያዙ። ጥቁር ክርና ፀጉራም ክር እግሩን ይደብቃሉ። የዳንቴሉ ቀጭን ጥጥና የብረት ኪሮሽም ለዚህ ትምህርት አይሆኑም፤ ቆይተው ይደርሱባቸዋል።

ኪሮሹ የሚገባበት ቦታ ይጠፋል

ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስተው ይህ ነው። እግሩ በጎኑ ይተኛል። ጥልፉ ተጠናቆ ክሩ ሲሳብ ደግሞ ወደ ታች ዞሮ ከሥራው ጀርባ ይደበቃል። ሰው ዐይኑን ላይኛው ጠርዝ ላይ ተክሎ ሲፈልግ የሚያገኘው ሌላ ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ይወጋል፣ ረድፉም ይበላሻል።

እግሩን መፈለግ ያለብዎት ከተደበቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲወለድ ነው። ክሩን በአንዱ ቀለበት እንዳሳለፉ፣ ጥልፉን ከመጨረስዎ በፊት፣ እግሩን በግራ አውራ ጣትና በመሃል ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይያዙት። ጥልፉን ጨርሰውም አይልቀቁት። ከዚያ ሥራውን ዘንበል አድርገው የታችኛውን ጠርዝ ወደራስዎ ያዙሩ፤ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ተኝተው ጫፋቸው ሲገናኝ ይታያል። ኪሮሹ በሁለቱም ሥር ይግባ። በግራ እጅ የሚሠራ ሰው ሁሉንም በተቃራኒው ያድርግ፤ የሚለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

ይህም አልሆን ካለ፣ ሌላ ቀለም ያለው አጭር ቁራጭ ክር በእያንዳንዱ አዲስ እግር ሥር ያሳልፉና ቀጣዩን ጥልፍ በዚያ ምልክት ይሥሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን የምልክቱ ክር እስኪያሰለች ድረስ ጣት ቦታውን ለምዶት ያድራል።

የመነሻ ጥልፍ ሠርተውም ጠርዙ አይለጠጥም

እዚህ ላይ እግሩ ጠብቋል። ኪሮሽን በደንብ ቢያዩት ከመንጠቆው አጠገብ ያለው አንገቱ ቀጭን ነው፤ የ5 ሚሊ ሜትር ልክ ያለው ከዚያ ዝቅ ብሎ ወፍራሙ አካሉ ላይ ነው። እግሩ አንገቱ ላይ ከተሠራ 5 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር ዋጋ የለውም። የተሳበውን ቀለበት ወፍራሙ አካል ላይ ያድርሱ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ እግሩን ይሥሩ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ክሩን ጎተት የማድረግ ልማድ ካለዎትም ይተዉት፤ ያ ጉተታ በቀጥታ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው።

እጅዎ ትክክል ሆኖ ሳለ ጠርዙ ካስቸገረ ክሩን ይመልከቱ። ጥጥ በራሱ አይለጠጥም፤ ሱፍ ግን ተስቦ ይመለሳል። የመነሻ ጥልፍ ለጠርዙ ቦታ ይሰጠዋል እንጂ ላስቲክ አያደርገውም። ተለጥጦ የሚሰበሰብ የእጅጌ ጫፍ ከፈለጉ ጠባብ ጥብጣብ በጎኑ ይሥሩ፤ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥልፍ የኋላውን ክር ብቻ እየያዙ። ለዚያ ዓይነት ጫፍ የመነሻ ጥልፍን ማስገደድ ልፋት ማባከን ይመስለኛል።

ረድፉ ይቀስታል፣ ይጠማዘዛል

ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የቅስቱን አቅጣጫ ያንብቡ። የታችኛው ጠርዝ ካጠረና ሥራው ወደዚያ ከጎበጠ እግሩ ጠብቋል። ታችኛው ረዝሞ ከተንጀረገገ እግሩ ላልቷል፤ የአውራ ጣቱን ቁንጠጫ ትንሽ ማጥበቅ ነው።

መጠማዘዙ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዴ በሁለቱ ክሮች ሥር፣ አንዳንዴ በአንዱ ብቻ ገብተው ከሆነ ረድፉ ይዞራል፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ረዘም ያሉ ቀዳዳዎች ካዩ ጥፋቱ ያ ነው። ቀዳዳ ከሌለ ግን ለመፍታት አይቸኩሉ። ጠባብ ረድፍ ብቻውን ሲሆን መዞር ይወዳል፤ ሁለተኛው ረድፍ ሲጨመርበት ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል።

ቁጥሩ አይገጥምም

አንዲት እግር ተረስታለች። ክሩን በአንዱ ሳያሳልፉ በቀጥታ በሁለቱ ካሳለፉት ጥልፉ ያለ እግር ይቀራል፤ ለቀጣዩ መግቢያ ስለሌለ እጅ ወደ አሮጌው እግር ይመለሳል። ከአንድ ቦታ ሁለት ጥልፍ ተዘርግተው ሲያዩ እስከዚያ ድረስ ይፍቱ። ሲቆጥሩ ላይኛውን ጠርዝ ይቁጠሩ፤ መጀመሪያ ከተሠሩት ሁለት ሰንሰለቶች ኪሮሹ ያልገባባት በጥልፍ ቁጥር ውስጥ አትገባም።

የዚህ ጥልፍ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ይታያል። በሰንሰለት ሲጀመር ልኩ አስቀድሞ ይወሰናል፤ እዚህ ግን ሜትር እያስጠጉ አንድ በአንድ መጨመር ይቻላል። የብዙ አዋቂ ሰው ጭንቅላት ዙሪያ ከ54 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ኮፍያው እንዲይዝ ከተለካው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሳንሰው ያቁሙ።

ቪዲዮው ከሚታየው ሌላ ይናገራል

ምናልባት ስሙ ነው የተለያየው። አሜሪካውያን ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭር ጥልፍ እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ይሉታል። ከላይ የተገለጸው በአሜሪካኖቹ አጠራር ፋውንዴሽን ሲንግል ክሮሼ ነው። የጽሑፍ ንድፍ ከያዙ የየትኛው አገር አጠራር እንደሆነ መጀመሪያ ያጣሩ።

ያለቀው ጠባብ ኮፍያስ?

የኪሮሽ ሥራ የሚፈታው ከተጨረሰበት ጫፍ ነው። ከጠርዝ ወደ አናት የተሠራ ኮፍያ ጠርዙን ብቻ ለይቶ ማላላት አይቻልም፤ ሰንሰለቱን በመቀስ መቁረጥም የመጀመሪያውን ረድፍ ስለሚበትን አልመክረውም። ሁለት ሦስት ረድፍ ከሆነ ይፍቱት። ሙሉው ካለቀ ትንሽ ጭንቅላት ያለው የወንድም ወይም የእህት ልጅ መፈለግ ይቀላል።

ረድፉን ክብ አድርጎ ማጋጠም

ከማጋጠምዎ በፊት ረድፉን ዘርግተው እግሮቹ ሁሉ ወደ ታች መዋላቸውን ያረጋግጡ፤ አንዴ ተጠማዝዞ ከተጋጠመ ከመፍታት በቀር መላ የለውም። ሁለቱ ጫፎች ከላይ ሲያያዙ ከታች በአንድ ረድፍ ቁመት ክፍተት ይቀራል። ይህ ስሕተት አይደለም። ሲጀምሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ ክር ይተዉ፤ ያንን በወፍራም መርፌ አስገብተው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እግር ይስፉ፣ የቀረውንም ጥልፎቹ ውስጥ እያሳለፉ ይደብቁ። ሲሰፉ ክሩን አያጥብቁት፤ እዚያች አንዲት ቦታ ላይ ከጠበቀ ጠርዙ ሲለጠጥ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው።