ፒካፕ ካሶኒ ላይ የሚጠቀለል የሸራ ከቨር ራሳችሁ ለመግጠም

ፒካፕ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ መኪናው የናንተ ይሁን እንጂ ካሶኒው የዘመድ አዝማድ ነው። ሶፋ የገዛ ይደውላል፣ ቤት የሚለቅ ይደውላል፣ ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲኖርማ ያን ሁሉ ሻንጣ ኤርፖርት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። እኔ ያለሁት ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ነው፣ እዚህ በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሳይታሰብ ይጠቁርና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያወርዳል፣ አንድ ቀን የአክስቴን ሻንጣዎች ጭኜ ፔንያ ቡልቫርድ ላይ ኤርፖርት ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ያዘኝ፣ ለስንት ሰው የተገዛ ልብስ ራሰ፣ አክስቴ ዛሬም ድረስ ሰው ፊት ታነሳብኛለች። ከቨር ያዘዝኩት በዛው ሳምንት ነው።

የመረጥኩት ሸራውን ነው፣ ማለትም እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ጋቢናው ጀርባ ጋ የሚታሰረውን። ጠንካራው፣ እየታጠፈ የሚከፈተው አለ፣ ያምራል፣ ግን ዋጋው በጣም ይርቃል፣ ሲታጠፍም ብዙዎቹ የካሶኒውን አንድ ክፍል ይዘው ይቀራሉ። ሸራው ተጠቅልሎ ሲያልቅ ካሶኒው እንዳለ ክፍት ነው፣ ፍሪጅ አቁማችሁ ትጭናላችሁ፣ ለፋሲካ ከገበሬ በግ ስታመጡም እንደዛው (በግ ጭናችሁ እንዳትዘጉት ብቻ፣ አየር አያገኝም፣ ይሄን መናገር ባላስፈለገኝ ግን የጠየቀኝ ሰው አለ)። ሌባ ያስቆማል ብላችሁ ግን እንዳትገዙ፣ ሸራ ነው፣ በምላጭ ይቀደዳል፣ ጥቅሙ ከዓይን መከለሉ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉትን ደግሞ እኔ እስካሁን ኪሴ ላይ አላየሁትም።

ገጠማው 30 ደቂቃ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሬሎቹ፣ ማለትም ካሶኒው ላይ ግራና ቀኝ የሚታሰሩት ሸራው የሚያርፍባቸው ሐዲዶች፣ ቀጥ ብለው ከተቀመጡ። ካልተቀመጡ ግን ቅዳሜያችሁ አለቀ። ቴይልጌት (የካሶኒው የኋላ በር) አልዘጋ አለ፣ ውሃ ገባ፣ ሸራው ሃይዌይ ላይ ተርገበገበ የሚሉ ሰዎችን መኪና ሄጄ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት ያው ሬል ነው፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ወደኋላ የሸሸ ወይ ዘመም ያለ። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ጊዜያችሁን እሱ ላይ አጥፉ፣ ሌላው ይደረስበታል።

ከማዘዛችሁ በፊት ልኬት። ፒካፕ በስም አንድ ሆኖ ካሶኒው ይለያያል፣ ለምሳሌ ፎርድ ኤፍ 150 ሦስት ርዝመት አለው፣ 5.5፣ 6.5 እና 8 ጫማ ይባላሉ፣ ትክክለኛ ልካቸው ግን 67.1፣ 78.9 እና 97.6 ኢንች ነው። ቶዮታ ታኮማ ደግሞ 5 እና 6 ጫማ አለው። ስለዚህ ቴይልጌቱን ዝጉትና ካሶኒው ውስጥ ገብታችሁ ከጋቢናው በኩል ካለው ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ እስከ ቴይልጌቱ ውስጠኛ ገጽ ለኩ፣ ውስጥ ለውስጥ ማለት ነው። እኔ በውጭ በኩል ለክቼ 70 ምናምን ኢንች መጣልኝ፣ ከ67ም ከ79ም ጋ አልገጥም ሲለኝ ለልጅ ልብስ እንደሚገዛው ሰፋ ቢል ምናለበት ብዬ ትልቁን አዘዝኩ። ካሶኒ ደግሞ አያድግም። ያን እንደ መሰላል የረዘመ ካርቶን መልሼ አሽጌ ለመላክ የከፈልኩትን ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም።

ከርዝመቱ ሌላ የምታዩት ነገር አለ። ካሶኒው ውስጥ የተቀመጠ የፕላስቲክ ላይነር ካላችሁና የስፖንዳውን (የካሶኒውን የጎን ግድግዳ) አፍ ጭምር የሚሸፍን ዓይነት ከሆነ ክላምፑ (ሬሉን ከስፖንዳው ጋ ነክሶ የሚይዘው ማሰሪያ) ፕላስቲኩን ነው የሚነክሰው፣ ያ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና ክላምፑ ይላላል። ክላምፕ በሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ላይነሩን በካተር ትንሽ ቆርጣችሁ ብረቱን አግኙ። እንደ ቀለም የተረጨ ላይነር ችግር የለውም። ታኮማ ያላችሁ ደግሞ ካሶኒው ውስጥ ዕቃ ማሰሪያ የፋብሪካ ሬል ስላለ ስታዙ ከሱ ጋ የሚሄደውን መሆኑን አረጋግጡ። ጋቢናው ጀርባ የመሣሪያ ሳጥን የተገጠመላችሁ ተራው ከቨር አይሆናችሁም፣ ለሱ ተብሎ አጠር ተደርጎ የሚሰራ አለ።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። ሜትር፣ ቡሶላ ከነእጀታው፣ ጨርቅ፣ ሳሙናና ውሃ፣ አልኮል፣ እና አንድ ሰው። ክላምፖቹ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ብሎን የግማሽ ኢንች ነው፣ ያ 12.7 ሚሊ ማለት ስለሆነ ከሀገር ቤት ጀምሮ የምታውቁት 13 ቁልፍ በደንብ ይይዘዋል። ትራፓኖ የሚጠይቅ ከቨር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ መመሪያውን ደግማችሁ አንብቡ፣ አብዛኛው በክላምፕ ብቻ ነው የሚያዘው፣ ካሶኒ መብሳት ለዝገት በር መክፈት ነው። ብሎኖቹን ማግኔት ሳህን ላይ አስቀምጬ ስፖንዳው ላይ እለጥፈዋለሁ እንዳትሉ ደግሞ፣ ከ2015 ሞዴል ወዲህ ያለው ኤፍ 150 ቦዲው አልሙኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዝም፣ እኔ ሲኒ ነው የተጠቀምኩት።

ካርቶኑን ስትከፍቱ ሸራውን አስፋልት ላይ እንዳትጎትቱት፣ ብርድ ልብስ ዘርጉለት። ዕቃውን ቁጠሩ፣ ሁለት ሬል፣ ጥቅሉ ራሱ፣ ክላምፖች (የኔ በየጎኑ አራት አራት ነበር፣ አጭር ካሶኒ ላይ ሦስትም ይሆናል)፣ ተለጣፊ ስፖንጅ ጎማ፣ እና ሁለት ማሰሪያ ቀበቶ። ክረምት ላይ የምትገጥሙ ከሆነ ጥቅሉን ከዋዜማው ሳሎን አሳድሩት፣ ሸራው የተሰራበት ቪኒል በብርድ ይኮማተራል፣ ቀዝቅዞ እያለ ከገጠማችሁት አጭር የመጣላችሁ ይመስላችኋል፣ እኔ ዲሴምበር ላይ አንድ ወዳጄን ሳግዝ ሁለት ኢንች ጎደለ ብለን ልንመልሰው ነበር፣ ሂተር አጠገብ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ አቆየነውና ልክ ሆኖ ቁጭ አለ።

የስፖንዳውን አፍ ውስጥና ላዩን በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ። ጋቢናው በኩል ስፖንጁ የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል ጥረጉ፣ ሰም የተቀባ መኪና ላይ ስፖንጅ ለጥፎ ሳምንት ሳይሞላው ተላጠ ብሎ ማማረር የለም።

አሁን ሬሉ። ከሾፌሩ በኩል ጀምሩ፣ የትኛው የግራ የትኛው የቀኝ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ምልክት አለው፣ ባይኖረው ጥቅሉ የሚቀመጥበት ጫፍ ወደ ጋቢናው ነው የሚዞረው። ሬሉን ስፖንዳው ውስጠኛ ከንፈር ላይ አስቀምጡና ወደፊት ግድግዳውን እስኪነካ ግፉት (አንዳንዱ ትንሽ ክፍተት ተዉ ይላል፣ መመሪያው ያለውን አድርጉ፣ ዋናው ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ነው)። ክላምፑ የላይኛው ጥርስ ሬሉ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ የታችኛው መንጋጋ የስፖንዳውን ከንፈር ከስር ይነክሳል። የፊተኛውን አስገቡ፣ የኋለኛውን አስገቡ፣ ከዛ መሀሎቹን። በእጅ ብቻ! ቁልፍ አትንኩ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቸኩለው፣ አንዱን ጎን ጥርቅም አድርጎ ያስርና ሁለተኛው ጎን አልመጣለት ሲል የሰራውን መልሶ ይፈታል።

ሁለቱም በእጅ ከተያዙ በኋላ ሜትራችሁን አውጡ። በሁለቱ ሬሎች መሀል ያለውን ስፋት ፊት ላይ፣ መሀል ላይና ኋላ ላይ ለኩ፣ ሦስቱ መቀራረብ አለባቸው። ከዛ ደግሞ ሰያፉን፣ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ። ቤት ሲሰራ ግንበኛ መሠረቱ ማዕዘኑን መጠበቁን የሚያየው እንደዚሁ ነው፣ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ቤቱ ጠማማ ነው። እኩል ካልሆነ ወደኋላ የቀረውን ሬል በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አስጠጉት። ከፍታውንም እዩ፣ ሬሉ ፊት ላይ ከስፖንዳው አፍ እኩል ሆኖ ኋላ ላይ ጎንበስ ካለ ሸራው እዛ ጋ ውሃ ያቁራል። አስር ደቂቃም ሃያም ይፍጅ፣ አትሰልቹ።

ሲስተካከል ታሰራላችሁ፣ ከፊት ወደኋላ፣ አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ እያላችሁ፣ መጀመሪያ ግማሽ ከዛ ሙሉ። ጠበቅ ይበል እንጂ ጡንቻ ማሳያ አይደለም፣ ሬሉ አልሙኒየም ነው፣ ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ይጎብጣል ወይ የብሎኑ ጥርስ ይበላል። በባትሪ የሚሰራ መፍቻ ባትጠቀሙ ደስ ይለኛል፣ እጅ ይሰማዋል፣ ማሽን አይሰማውም። አስራችሁ ስትጨርሱ ሰያፉን አንዴ ድገሙት፣ ሲጠብቅ የሚንሸራተት አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ስፖንጁን ከግድግዳው አናት ላይ ሳትስቡ ለጥፉት፣ ከተሳበ በኋላ ወደ ልኩ ይመለስና ጥጉ ላይ ክፍተት ይተዋል። ጥቅሉን ለሁለት አንሱና ፊት ላይ አስቀምጡ፣ ቀበቶውን እስካሁን አትፍቱት፣ በሁለቱም ጎን የሚተርፈው ሸራ እኩል መሆኑን እዩ፣ ከዛ የፊቱን ሁለት ብሎኖች በእጅ አስገቡና አጥብቁ። አሁን ፍቱት፣ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ ተርትሩት፣ ከስር ያሉት መወጠሪያ ዘንጎች ግራና ቀኝ ሬሉ ላይ ተኝተው እየመጡ መሆኑን እያያችሁ። መጨረሻ ላይ ያለው ወፍራም ዘንግ ወደታች ሲጫኑት ቋ ብሎ ይቆለፋል። ጎኑ ላይ ቬልክሮ ያለው ከሆነ መዳፋችሁን ከፊት ወደኋላ እየጫናችሁ አስኪዱት።

አልቆለፍም ካለ በጉልበት አትግፉት። ፊት ላይ ከስር የውጥረት ማስተካከያ አለ፣ የአንዳንዱ በእጅ የሚዞር ነው የአንዳንዱ በስፕሪንግ ራሱ የሚያስተካክል ነው፣ በእጅ የሚዞረውን ግራና ቀኙን እኩል እየቆጠራችሁ አላሉት። ትክክለኛው ውጥረት በጣት ስትመቱት ከበሮ ነገር የሚመስለው ነው፣ ግን እንደ ክራር ክር የሚጮህ ከሆነ በዝቷል፣ ብርድ ሲመጣ ይብስበታል። ሸብሸብ ያለው ደግሞ ከካርቶን ስለወጣ ነው፣ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ሲመታው ይለቃል፣ ለሽብሽብ ብላችሁ እንዳታጠብቁት።

አሁን የውሃ ፈተና። ካሶኒው ወለል ላይ የካርቶን ቁራጮች አንጥፉ፣ ዝጉት፣ በጎማ ቱቦ አምስት ደቂቃ ያህል ከላይ እንደ ዝናብ አውርዱበት (በሃይለኛ ፓምፕ አይደለም፣ በሱ ካመጣችሁት የማያስገባ የለም)። ስትከፍቱ ካርቶኑ የቱ ጋ እንደራሰ ይነግራችኋል። ፊት ያሉት ሁለት ጥጎች ከሆኑ ስፖንጁ ነው፣ ትንሽ ቁራጭ ጨምሩ። አንድ ጎን በሙሉ ከሆነ ወደ ሬሉ ተመለሱ። ኋላ ላይ ከሆነ ግን ከቨሩን አትውቀሱ፣ ቴይልጌቱ ራሱ በጎንና በጎን በስርም ክፍተት አለው፣ ውሃውም ፒስታ መንገድ ላይ አቧራውም በዛ ነው የሚገባው፣ ለሱ ዙሪያውን የሚለጠፍ የቴይልጌት ጎማ ለብቻው ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ሻንጣ የምትጭኑ ሰዎች ያለሱ አትቅሩ። ጎማውም ገብቶ ግን ጠብታ አይገባም ብዬ አልምልላችሁም፣ ይሄ ጣሪያ አይደለም። እኔ ዛሬም ሻንጣ ስጭን ቀኑ ካስፈራኝ ላስቲክ አለብሰዋለሁ፣ አክስቴን አላምናትም።

ከተገጠመ በኋላ ሳምንት ነድታችሁ ክላምፖቹን በሙሉ አንዴ በቁልፍ እዩዋቸው፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መላላታቸው አይቀርም። ዴንቨርና አካባቢዋ ከባህር ጠለል 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቪኒል ትበላለች፣ በውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ የሚያብረቀርቅ ቅባታማ ነገር አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል። ቬልክሮው ውስጥ ቅጠልና ፀጉር ሲገባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። በረዶ ሲቆለልበት በለስላሳ መጥረጊያ ጥረጉት፣ አካፋ አታስጠጉት።

ከፍታችሁ ስትነዱ ደግሞ ጥቅሉን ሁለቱንም ቀበቶ እሰሩ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። ግማሽ ድረስ ጠቅልላችሁ ግማሹን ዘግታችሁ ሃይዌይ መውጣትም የለም፣ ነፋሱ ከስር ገብቶ ያነሳዋል፣ ያኔ ከኋላችሁ ያለው ሾፌር ጥሩምባ ሲያስጮህ ነው የምታውቁት።