ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ የአገርን ድክመት ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ስህተት፣ ወረርሽኝ ያደረሰውን ጉዳት በሙሉ በቫይረሱ ላይ ማላከክ ነው። በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የኮቪድ-19 ሥርጭት የተገታ መስሎ ከቆየ በኋላ በድንገት የተቀጣጠለው፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርባቸው የውጭ አገር ሠራተኞች መኖሪያዎች ውስጥ ነበር። መጨናነቁ ከበሽታው በፊት የነበረ በመሆኑ፣ እነዚያ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንዲኖሩ ተተዉ የሚለው ጥያቄ ከምርመራው ሊቀር አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት በወረቀት ላይ የሰፈረን ዕቅድ እንደ ዝግጁነት መቁጠር ሲሆን፣ ኃያላን የሚባሉ መንግሥታት ጭምር የወደቁበት ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ 195 አገሮችን ያወዳደረው ዓለም አቀፍ የጤና ደኅንነት መለኪያ ዩናይትድ ስቴትስን አንደኛ፣ ብሪታንያን ሁለተኛ አድርጎ አስቀምጦ ነበር፤ ይሁንና በዩናይትድ ስቴትስ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኮቪድ-19 መሞታቸው ተመዝግቧል። ላቦራቶሪን፣ የባለሙያን ብዛትና የተጻፈን ሕግ መቁጠር ይቻላል። ጭንቅ በመጣ ጊዜ ባለሥልጣን የባለሙያን ምክር ይሰማ እንደሆነ፣ ሕዝቡም ባለሥልጣኑን ያምን እንደሆነ አስቀድሞ መለካት ግን እጅግ ከባድ ነው። የብሪታንያ ታሪክ ሌላም ነገር ይጨምራል። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲግነስ የተባለ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ልምምድ አካሂዶ፣ አገሪቱ ከባድ ወረርሽኝ የሚያስከትለውን ጫና ለመቋቋም በቂ ዝግጅት እንደሌላት ራሱ ደርሶበት ነበር። ሪፖርቱ ለሕዝብ የወጣው ግን በ2020፣ ብዙ ሺህ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ድክመትን አውቆ በመሳቢያ ውስጥ ማቆየት፣ በእኔ እምነት፣ ካለማወቅ የከፋ ጥፋት ነው።

ሦስተኛው፣ መመሪያ ሲጣስ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2020 መላ አገሪቱን ስትዘጋ የሰጠችው ማስጠንቀቂያ 4 ሰዓት ያህል ብቻ ስለነበረ፣ ገቢያቸው የተቋረጠባቸው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞች ትራንስፖርት በሌለበት ወደ ትውልድ መንደራቸው በእግር ጉዞ ጀመሩ። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኝ ሰው ከቤት አትውጣ ሲባል፣ የሚበላውም አብሮ ሊታሰብለት ይገባል።

የሟቾችን ይፋዊ ቁጥር እንደ መጨረሻ እውነት መውሰድም ሌላው ስህተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እና በ2021 ከወረርሽኙ ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የተያያዘውን ሞት ወደ 14.9 ሚሊዮን ሲገምት፣ አገሮች ሪፖርት ያደረጉት ግን 5.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። በብዙ ቦታ ሰው ሲሞት በወጉ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም ሞት በጀት ሲደለደል አይታሰብም።

በመጨረሻም፣ ድክመቱ የእያንዳንዱ አገር የውስጥ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ ማሰብ ያሳስታል። ብሪታንያ ክትባት መስጠት የጀመረችው ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሲሆን፣ ለድሃ አገሮች ክትባት እንዲያደርስ የተቋቋመው ኮቫክስ የመጀመሪያውን ጭነት ለጋና ያስረከበው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2021 ነው፤ ከዚያ በኋላም አቅርቦቱ ለረጅም ጊዜ አዝጋሚ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች በሜይ 2025 የወረርሽኝ ስምምነት ሲያጸድቁ እንኳ፣ የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ናሙናና ከእርሱ የሚገኘውን ክትባት እንዴት እንደሚካፈሉ የሚወስነውን አባሪ ለቀጣይ ድርድር አሳድረውታል።